ቶማስ ግራሃም፤ ከብራና ወረቀት እስከ ኩላሊት እጥበት

ኩላሊቱ ከሥራ ውጭ የሆነበት ሕመምተኛ በሕይወት ለመሰንበት በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ደሙን ማሳጠብ ይኖርበታል። ደሙ ከክንዱ በቱቦ ወጥቶ ከክንድ በማይረዝም ሲሊንደር ውስጥ ካለፈ በኋላ ተመልሶ ወደ ሰውነቱ ይገባል። በሲሊንደሩ ውስጥ ደሙንና አጣቢውን ፈሳሽ የሚለያቸው ስስ ሽፋን ብቻ ነው። ሰውነት ያላስወገደው ቆሻሻ በዚህ ሽፋን በኩል ወደ ፈሳሹ ያልፋል፤ የደም ሕዋሳትና ፕሮቲን ግን ሳያልፉ ይቀራሉ። መሣሪያው ሞተርም፣ መቈጣጠሪያም፣ የማስጠንቀቂያ ደወልም አለው፤ የሕክምናው ቁም ነገር ያለው ግን በዚህ ስስ ሽፋን ላይ ነው።

ሽፋኑ ለብዙ ዓመታት የተሠራው ከሴሉሎስ ነበር። ሴሉሎስ ጥጥን፣ እንጨትንና ወረቀትን ያቆመ የተፈጥሮ ፖሊሳካራይድ ነው፤ ይኸውም እጅግ ብዙ የግሉኮስ ስኳር ቅንጣቶች በክር እንደተሰካ ዶቃ ተያይዘው የሚሠሩት ረጅም ሰንሰለት ማለት ነው። ከዚህ ተራ የዕፅዋት አካል በተሠራ ወረቀት የተቀላቀለውን ፈሳሽ መለየት እንደሚቻል አስቀድሞ በሥርዓት ያሳየው ሰው ሐኪም አልነበረም፤ የታመመ ሰው የማዳን አሳብም ይዞ አልተነሣም። ይህ ሰው የጋዞችን መሰራጨት በሚመለከተው ሕጉ ስሙ በየትምህርት ቤቱ የሚጠራው ስኮትላንዳዊው የኬሚስትሪ ሊቅ ቶማስ ግራሃም ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።)

ግራሃም በታኅሣሥ ወር 1805 በግላስጎው ከተማ ተወለደ። አባቱ ኑሮው የተደላደለ ነጋዴ ሲሆን፣ ልጁ በስኮትላንድ ቤተ ክርስቲያን ሰባኪ እንዲሆንለት አጥብቆ ይመኝ ነበር። ቶማስ በ1819፣ ገና በዐሥራ አራተኛ ዓመቱ፣ ወደ ግላስጎው ዩኒቨርሲቲ ገባ። በዚያም የኬሚስትሪ መምህሩ ቶማስ ቶምሰን የሚያስተምረውን ሲሰማ ልቡ ወደ ቤተ ሙከራ አዘነበለ። ከግላስጎው በኋላ ወደ ኤዲንብራ ሄዶ በዘመኑ ታዋቂ በነበረው በቶማስ ሆፕ ሥር ትምህርቱን ቀጠለ።

አባትና ልጅ የተለያዩት በዚህ ምክንያት ነው። አባቱ ልጁ ከስብከት ይልቅ ኬሚስትሪን መምረጡን ሲረዳ እጅግ ተቈጣ፤ ይሰጠው የነበረውንም ገንዘብ አቋረጠ። በዚያ ዘመን አባቱ የነፈገው ተማሪ ትምህርቱን ትቶ ከመመለስ በቀር ምርጫው ጥቂት ነበር። ግራሃምን ከዚህ ያዳኑት እናቱና እኅቱ ናቸው። ከቤት ወጪ እየቈጠቡ ይልኩለት ነበር፤ በደብዳቤም ያጽናኑት ነበር። እርሱም ትምህርት እያስተማረና ለመጽሔት እየጻፈ ራሱን ለመቻል ጣረ፤ ከጽሑፍ ያገኘውን የመጀመሪያ ገንዘብም ለእናቱና ለእኅቱ ስጦታ ገዛበት። ከአባቱ ጋር የተፈጠረው ቅሬታ በቀላሉ የሚሽር አልነበረም። ግራሃም ግን የመረጠውን መንገድ አልለቀቀም።

በ1830 በግላስጎው በሚገኘው አንደርሰን ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ ፕሮፌሰር ሆነ። ይህ ተቋም ከባለጸጋ ልጆች ይልቅ ለሠራተኛውና ለባለእጁ በሩን የከፈተ ነበር። ኋላ በአፍሪቃ ጉዞው ስሙ የገነነው ዴቪድ ሊቪንግስተን ከግራሃም ዘንድ ኬሚስትሪ ከተማሩት አንዱ ነው። ከድንጋይ ከሰል የፓራፊን ዘይት በማውጣት ታላቅ ኢንዱስትሪ ያቋቋመው ጄምስ ያንግም በቤተ ሙከራው ረዳቱ ነበር። ግራሃም ንግግሩ የማያምር፣ እንቅስቃሴውም የመንቀጥቀጥ ያህል ፍርሃት ያለበት መምህር ነበር ይባላል፤ ይሁን እንጂ ተማሪዎቹ የሚወዱት ስለ ቃሉ ማማር ሳይሆን ስለ አሳቡ ጥራትና ስለ ቅንነቱ ነበር።

የግራሃም ሕይወት በአንድ ጥያቄ ዙሪያ የተሽከረከረ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ጥያቄውም ነገሮች አንዱ ወደ ሌላው ዘልቀው የሚሰራጩት እንዴትና በምን ፍጥነት ነው የሚል ነው። ዶበራይነር የተባለው ጀርመናዊ ኬሚስት ስንጥቅ ካለበት ጠርሙስ ውስጥ ሃይድሮጅን ጋዝ ሾልኮ እንደሚወጣ አስተውሎ ነበር። ግራሃም ይህን ነገር እንደ ዋዛ አላለፈውም። የመስተዋት ቱቦ ጫፍ በጀሶ እየደፈነ፣ ልዩ ልዩ ጋዞች በጀሶው ጥቃቅን ቀዳዳዎች ውስጥ የሚያልፉበትን ፍጥነት ለካ። በ1833 በታተመው ጥናቱ፣ የአንድ ጋዝ የመሰራጨት ፍጥነት ከጥግግቱ ስኩዌር ሩት ጋር በተገላቢጦሽ እንደሚመጣጠን አረጋገጠ። ኦክሲጅን ከሃይድሮጅን ዐሥራ ስድስት ጊዜ ያህል ስለሚከብድ ሃይድሮጅን በአራት እጥፍ ይፈጥናል ማለት ነው። በዚያው ዓመት ስለ ፎስፈሪክ አሲድ ዓይነቶች ያቀረበው ጥናትም በኬሚስትሪ ዓለም ስሙን አጸና።

በ1836 የለንደኑ ሮያል ሶሳይቲ አባል ሆነ፤ በተከታዩም ዓመት ወደ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ለንደን ተዛወረ። በ1841 የለንደን ኬሚካል ሶሳይቲ ሲቋቋም የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ሆኖ ተመረጠ። ሹመቱና ክብሩ ግን ያን የወጣትነት ጥያቄውን አላስረሳውም። ከጋዝ ወደ ፈሳሽ ተሻግሮ፣ ጨው ወይም ስኳር የሟሟበትን ትንሽ ጠርሙስ ክዳን ሳያደርግ በትልቅ የውሃ ዕቃ ውስጥ እያስቀመጠ ለቀናት ሳይነካው ይተው ነበር። ከዚያም ወደ ውጪው ውሃ ምን ያህል እንደወጣ ይመዝናል። እንዲህ ያለው ሥራ ትዕግሥት እንጂ ውድ መሣሪያ አይጠይቅም። ውጤቱ ግን አስደናቂ ነበር። የወጥ ጨው በአጭር ጊዜ የሚሰራጨውን ያህል ለመሰራጨት፣ በዕንቁላል ነጭ ክፍል ውስጥ ያለው አልቡሚን ከሃያ እጥፍ የሚበልጥ ጊዜ እንደሚወስድበት ተገኘ።

በዚህ መካከል ሥራውን ለብዙ ጊዜ የገታ ሹመት መጣ። በ1855 የብሪታንያ ሳንቲም መቅረጫ ቤት ዋና ኀላፊ ሆኖ ተሾመ። ይህ ቀድሞ አይዛክ ኒውተን፣ ከግራሃም በፊትም ጆን ኸርሼል ይዘውት የነበረ ሥልጣን ነው። ግራሃም ሹመቱን እንደ ጡረታ አልቈጠረውም። የቤቱን አሠራር ማረምና ወጪውን መቈጣጠር ያዘ፤ በ1860 የመዳብ ሳንቲሞች በነሐስ የተተኩትም በእርሱ ዘመን ነው። ለዚህ ሁሉ የከፈለው ዋጋ ግን ለዓመታት ምርምር ማቋረጡ ነበር። ሊቃውንት በአስተዳደር ሥራ ሲያዙ ምን እንደሚጐድል ለሚያስብ ሰው እነዚህ ጸጥ ያሉ ዓመታት የሚያሳዝኑ ናቸው። ደግነቱ ጸጥታው ለዘለቄታ አልነበረም።

በ1861 ግራሃም የፈሳሾችን መሰራጨት ለመለያ ዘዴነት ስለማዋል የጻፈውን ታላቅ ጥናት ለሮያል ሶሳይቲ አቀረበ። በዚህ ጥናት መግቢያ ላይ ያለው ሙከራ ማንም ሰው በቤቱ ሊሠራው የሚችል ነው። በስታርች የተለሰነ ስስ የደብዳቤ ወረቀት በውሃ ይርሳል፤ ውሃ በያዘ ጐድጓዳ ሳህን ላይ ተነጥፎም መካከሉ ጐድጐድ ይደረጋል። በጐድጓዳው ላይ ስኳርና የግራር ሙጫ፣ እያንዳንዳቸው አምስት በመቶ ሆነው የሟሙበት ፈሳሽ ይፈስበታል። ከሃያ አራት ሰዓት በኋላ ከስኳሩ ሦስት አራተኛው ወረቀቱን አልፎ ከታች ባለው ውሃ ውስጥ ተገኘ፤ ሙጫው ግን ከላይ ቀረ። ውሃው ሲተን ስኳሩ ንጹሕ ሆኖ ረጋ።

ከዛሬ ዕውቀት አንጻር ይህን ሙከራ ለሚመለከት ሰው አንድ የሚደንቅ ነገር አለ። ወረቀቱ ሴሉሎስ ነው፤ ልስኑ ስታርች ነው፤ በእኛም ቆላማ ስፍራዎች ከግራር ዛፍ የሚለቀመው ሙጫ በአብዛኛው ፖሊሳካራይድ ነው፤ ያለፈውም ስኳር ነው። ሁሉም የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው። የለያያቸው የቅንጣታቸው ትልቅነትና የአያያዛቸው መንገድ ብቻ ነው። ስታርችና ሴሉሎስ ሁለቱም ከግሉኮስ የተሠሩ ሲሆኑ፣ በስታርች ያለው አያያዝ ሰንሰለቱን ሲያጥፈው በሴሉሎስ ያለው ግን ቀጥ ያደርገዋል። ቀጥ ያሉት ሰንሰለቶች ጐን ለጐን ተኝተው በሃይድሮጅን ትስስር አጥብቀው ይያያዛሉ። ስለዚህ ሴሉሎስ በውሃ ይርሳል፣ ያብጣል፤ ነገር ግን አይሟሟም። በሰንሰለቶቹ መካከል የገባው ውሃ ለትናንሽ ቅንጣቶች መንገድ ሲሆናቸው ትልልቆቹን አያስተላልፍም።

ግራሃም በሙጫውና በስኳሩ መካከል ያየውን ልዩነት ወደ አጠቃላይ ምደባ አሳደገው። እንደ ስኳርና ጨው ረግተው ጠጣር ቅርጽ የሚይዙትንና ፈጥነው የሚሰራጩትን ክሪስታሎይድ አላቸው፤ እንደ ሙጫ፣ ጄላቲንና አልቡሚን ያሉትን ዘገምተኞች ደግሞ ኮሎይድ ብሎ ሰየማቸው። ኮሎይድ የሚለው ስም የመጣው ሙጫን ከሚያመለክተው የግሪክ ቃል ነው፤ በየቢሮው ወረቀት የምናጣብቅበት ኮላም በጣልያንኛ በኩል የዚያው ቃል ዘር ነው። በስስ ሽፋን አማካይነት ሁለቱን የመለየቱን ዘዴ ደግሞ ዲያሊሲስ አለው። ዛሬ በየሆስፒታሉ በዚህ ስም የሚጠራው ሕክምና ስሙን ያገኘው ከዚህ ጽሑፍ ነው።

የደብዳቤ ወረቀት ለማሳያ ያህል እንጂ ለዘላቂ ሥራ የሚበቃ አልነበረም። ከዚያ በፊት ያገለግል የነበረው የበሬ ፊኛም ይበሰብሳል፤ ውፍረቱም አንድ ዓይነት አይደለም። ግራሃም የመረጠው የዕፅዋት ብራና የተባለውን ወረቀት ነው። ይህም ከጥቂት ዓመታት በፊት በእንግሊዝ አገር የተፈለሰፈ ሲሆን፣ ተራውን ወረቀት ለአፍታ በሰልፈሪክ አሲድ ነክሮ ወዲያው በውሃ በማጠብ የሚሠራ ነው። አሲዱ የላይኛውን ሴሉሎስ ያሳብጠውና እንደ ሙጫ ያለሰልሰዋል፤ ሲታጠብም የወረቀቱ ቀዳዳዎች ተደፍነው ይቀራሉ። ከዚህ የሚገኘው ወረቀት ከፍየል ወይም ከበግ ቆዳ በጥንቃቄ ተፍቆ እንደሚዘጋጀው ብራና ጠንካራና ግልጽነት ያለው ይሆናል፤ በውሃም አይበታተንም። ግራሃም ይህን ወረቀት ጉታ ፐርቻ ከተባለው የዛፍ ውጤት በተሠራ ቀለበት ላይ እንደ ወንፊት ወጠረውና በውሃ ላይ አንሳፈፈው። የዛሬው የእጥበት ማጣሪያ ቅድመ አያት ይህ ነው።

ከዚያ በኋላ የሠራው ሙከራ ለሕክምና ታሪክ ልዩ ትርጉም አለው። ግማሽ ሊትር ሽንት በዚህ የወረቀት ወንፊት ላይ አፍስሶ ለሃያ አራት ሰዓት አቈየው። በውሃው ውስጥ የተገኘውን በእንፋሎት ሙቀት አድርቆ በአልኮል ሲያወጣው፣ ዩሪያ በንጹሕ ዘለላ መልክ ተገኘ። ገበሬው በማዳበሪያነት የሚያውቀው ይህ ንጥረ ነገር ኩላሊት ከደም እየለየ ከሚያስወግዳቸው ቆሻሻዎች ዋናው ነው። ግራሃም ከዚህም አልፎ፣ በመርዝ የተገደለ ሰው ሲመረመር አርሴኒክንና ስትሪክኒንን ከደምና ከምግብ ቅልቅል ለመለየት ዘዴው እንደሚረዳ አመለከተ። ወረቀቱ ተራ ሆኖ ሳለ የተጨመረ ኬሚካል ሳይኖር መርዙን ነጥሎ ማውጣቱ የዘመኑን መርማሪዎች የሚጠቅም ነበር።

እዚህ ላይ የሚነሣ ጥያቄ አለ። ኩላሊታቸው በተወገደ እንስሳት ደም ውስጥ ዩሪያ እንደሚከማች ፕሬቮና ዱማ ከ1821 ጀምሮ አስታውቀው ነበር። ግራሃም ደግሞ በ1861 ዩሪያ በሴሉሎስ ሽፋን በኩል እንደሚያልፍ፣ አልቡሚን ግን እንደማያልፍ አሳየ። ሁለቱን ዕውቀቶች አገናኝቶ የታመመን ሰው ደም በዚህ ሽፋን ለማጠብ ያሰበ ግን ለግማሽ ምዕት ዓመት ያህል አልተገኘም። ከ1861 አንሥቶ ሰው ሠራሽ ኩላሊት የሰውን ሕይወት እስካተረፈበት እስከ 1945 ድረስ ሰማንያ አራት ዓመታት አለፉ። በዚህ ዘመን ውስጥ በኩላሊት ሕመም ለሞቱት ሁሉ ሳይንሱ አልነበረም ማለት አይቻልም፤ የጐደለው ሳይንሱን ከአልጋው አጠገብ የሚያደርሰው ቁሳቁስ ነበር።

ግራሃም ራሱ ይህን ሳያይ ዐረፈ። በ1862 ሮያል ሶሳይቲ የኮፕሊን ሜዳሊያ ሸለመው። በመጨረሻዎቹ ዓመታትም ወደ ጋዝ ተመልሶ፣ ፓላዲየም የተባለው ብረት ከራሱ መጠን በብዙ መቶ እጥፍ የሚበልጥ ሃይድሮጅን እንደሚውጥ አሳየ። ሳያገባ፣ ሥራውን እንደ ቤተሰብ ቈጥሮ ኖሮ፣ በመስከረም ወር 1869 በስድሳ ሦስት ዓመቱ በለንደን ሞተ። የሳንቲም መቅረጫ ቤቱ ኀላፊነትም ከእርሱ በኋላ ለሌላ ሊቅ አልተሰጠም፤ ማዕረጉ ከገንዘብ ሚኒስትሩ ሥልጣን ጋር ተዋሐደ። በ1872 በጄምስ ያንግ ስጦታ ሐውልቱ በግላስጎው በጆርጅ አደባባይ ቆመ።

ሥራውን ወደ ሕክምና ያሻገሩት ሌሎች ናቸው። በ1913 በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ጆን ጃኮብ ኤብልና ባልደረቦቹ የሕያው እንስሳ ደም ከሴሉሎስ ናይትሬት በተሠሩ የኮሎዲየን ቱቦዎች ውስጥ አሳልፈው ወደ ሰውነቱ መለሱ፤ መሣሪያቸውንም ሰው ሠራሽ ኩላሊት አሉት። ደሙ እንዳይረጋ የተጠቀሙት ከአልቅት የሚወጣ ንጥረ ነገር ነበር። በ1924 ጌኦርግ ሃስ በጀርመን ጊሰን ከተማ ይህን ዘዴ ለመጀመሪያ ጊዜ በሰው ላይ ሞከረ። ሆኖም ኮሎዲየን ተሰባሪ፣ የአልቅቱ ቅመምም አስቸጋሪ ነበር።

መፍትሔው በሁለት የተፈጥሮ ፖሊሳካራይዶች መጣ። አንደኛው ሴሎፋን ነው። ስዊዘርላንዳዊው ብራንደንበርገር በ1908 የፈለሰፈው ይህ መጠቅለያ የሚሠራው የእንጨት ሴሉሎስን በኮስቲክ ሶዳና በካርቦን ዳይሰልፋይድ አሟሙቶ፣ በስስ ስንጥቅ ውስጥ ወደ አሲድ በማስወጣት እንደገና ሴሉሎስ እንዲሆን በማድረግ ነው። በቱቦ መልክ ለቋሊማ ማሸጊያነት ይመረት ስለነበር ጠንካራ፣ ርካሽና ወጥ ውፍረት ያለው ነበር። ሁለተኛው በ1916 በጆንስ ሆፕኪንስ ከእንስሳ ጕበት የተገኘውና በ1930ዎቹ ተጣርቶ ለሰው የበቃው ሄፓሪን ነው፤ እርሱም ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ ፖሊሳካራይድ ነው። በ1943 ሆላንድ በጀርመን ጦር ተይዛ ሳለ፣ በካምፐን ከተማ ሆስፒታል የነበረው ወጣት ሐኪም ቪለም ኮልፍ የሴሎፋኑን ቱቦ በእንጨት ከበሮ ላይ ጠምጥሞ፣ ከበሮውን ጨው በተሟሟበት የውሃ ገንዳ ውስጥ አሽከረከረ። ከመጀመሪያዎቹ ሕመምተኞች አብዛኞቹ ሞቱበት። በ1945 ግን አንዲት የስድሳ ሰባት ዓመት ሴት ከሞት አፋፍ ተመልሳ ዳነች። የግራሃም የወረቀት ወንፊት በዚያ ቀን ሥራውን ፈጸመ።

ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ ለመሐንዲስ ትምህርት የሚሆን ነው። በ1960 በሲያትል በስክሪብነር የተሠራው ቋሚ የደም ሥር ቱቦ እጥበቱን ለዓመታት መደጋገም አስቻለ። ሽፋኑም ከሴሎፋን ወደ ኩፕሮፋን፣ ከዚያም ውስጡ ክፍት ወደሆነ ቀጭን የሴሉሎስ ክር ተሻሻለ። ሁለት መቶ ማይክሮን ያህል ስፋት ያላቸው ዐሥር ሺህ ገደማ ክሮች በአንድ ሲሊንደር ውስጥ ሲታሰሩ ከአንድ እስከ ሁለት ስኩዌር ሜትር የሚደርስ የማጣሪያ ገጽ ይሰጣሉ። ዩሪያ የሞለኪውል ክብደቱ 60፣ አልቡሚን ግን 66,000 ያህል በመሆኑ፣ ግራሃም በሙጫና በስኳር ያየው ልዩነት በደምም ላይ እንዲሁ ይሠራል።

ይሁን እንጂ ሴሉሎስ ለደም ፍጹም ባይተዋር ያልሆነ ነገር አልነበረም። በ1977 የወጣ ጥናት፣ ደም ከሴሎፋን ጋር በተገናኘ በደቂቃዎች ውስጥ ኮምፕሊመንት የተባለው የሰውነት መከላከያ እንደሚቀሰቀስ፣ ነጭ የደም ሕዋሳትም ከዝውውር ወጥተው በሳንባ እንደሚከማቹ አሳየ። ምክንያት ሆኖ የተገኘው በሰንሰለቱ ላይ የተደረደሩት የሃይድሮክሲል ክፍሎች ናቸው። ውሃ ወዳድ ያደረጉት፣ ዩሪያንም እንዲያሳልፍ ያስቻሉት እነዚያው ክፍሎች ናቸውና፣ የሴሉሎስ መልካም ጠባይና ጕድለቱ ከአንድ ሥር የበቀሉ ነበሩ። በዚህ የተነሣ ክፍሎቹን በአሲቴት መሸፈን ተጀመረ፤ በኋላም እንደ ፖሊሰልፎን ያሉ ሰው ሠራሽ ፕላስቲኮች አብዛኛውን ቦታ ያዙ። ሴሉሎስ ትራይአሲቴት ግን ዛሬም በአገልግሎት ላይ ነው።

ስለዚህ ከግራሃም የቀረው ወረቀቱ አይደለም፤ ዘዴው ነው። ሁለት ፈሳሾችን በስስ ሽፋን ለይቶ፣ የትኛው እንደሚያልፍና የትኛው እንደሚቀር በትዕግሥት መለካት የእርሱ ትምህርት ነው። አባቱ ልጁ በስብከት ነፍሳትን እንዲያድን ይመኝ ነበር። ልጁ ግን የጋዝና የፈሳሽ መንገድ ሲከተል ኖሮ፣ ሳያውቀው ሰዎች በየሳምንቱ ከሞት የሚተርፉበትን በር ከፈተ። በሩን ተሻግሮ አልጋው አጠገብ ለመድረስ የፈጀው ሰማንያ አራት ዓመት ደግሞ፣ በሊቁ ግኝትና በሕመምተኛው መካከል ቆመው ቁሳቁሱን የሚያበጁት ባለሙያዎች ዕዳ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ያስታውሳል።